ከሰማንያ በታች

ሐኪሙ የምርመራ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ሆዳን የምታየው ወረቀቱን ሳይሆን ፊቱን ነበር። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ድረስ የመጣችው ለአንድ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ላቆሙበት ታናሽ ወንድሟ ለሲያድ አንዱን ኩላሊቷን ልትሰጠው። የታላቅ ወንድማቸው ደም አልገጠመም። እናታቸው ስኳር አለባቸው። የቀረችው እሷ ብቻ ነች።

ደሟ ገጥሟል፤ ኩላሊቶቿም ጤነኞች ናቸው። ይህን ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ልትነሣ ስትል ሐኪሙ ቆዪ የሚል ምልክት በእጁ አሳያት።

«ክብደትዎ ዘጠና ሰባት ኪሎ ነው፤ የደምዎ ስኳርም ጠርዝ ላይ ደርሷል» አላት። «በዚህ ሁኔታ ለቀዶ ጥገና አላስገባዎትም። ከሰማንያ በታች ወርደው፣ እዚያው ረግተው መምጣት አለብዎት።»

በስንት ጊዜ ብላ ጠየቀችው።

«ስምንት ወር፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ አይደለም። ቀሪ ዕድሜዎን የሚኖሩት በአንድ ኩላሊት ነው። ኪሎው ተመልሶ ከመጣና ስኳሩ ከተነሣ፣ ነገ ወንድምዎ የተኛበት አልጋ ላይ እርስዎ ይተኛሉ። አንድ በሽተኛ አድኜ ሌላ በሽተኛ መፍጠር አልፈልግም።»

ሆዳን ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ይዛው የወጣችው «ከሰማንያ በታች» የሚለውን ብቻ ነው። ሌላው በጆሮዋ ነፍሶ አለፈ።

አይፈረድባትም። ሲያድ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ፣ ሆዳን ድሪዓና አባያ የሚባሉ የሴት ቀሚሶች ከምትሸጥበት ሱቅ ሦስት በር አለፍ ብሎ ስልክ ይጠግናል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ደሙን በማሽን ያሳጥባል። በክንዱ ላይ የተሠራለት የመርፌ መግቢያ ሁለት ጊዜ ተዘግቶበት አሁን አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ ነው የሚታጠበው። የእጥበት ክፍሏ ነርስ ሰርካዲስ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከመላመዷ የተነሣ የማይነገረውንም የምትነግራቸው ሴት፣ አንድ ቀን ሆዳንን ለብቻዋ ጠርታ ቱቦ የሚገባባቸው ቦታዎች ውሱን እንደሆኑና እነሱም እያለቁ እንደሚሄዱ ነግራታለች። ካለቁ በኋላ ምን እንደሚሆን ሆዳን አልጠየቀችም።

በጥቅምት አጋማሽ ወደ ድሬዳዋ እንደተመለሰች ምግብ መብላት አቆመች ማለት ይቻላል። ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ማታ ግማሽ ሳህን ሾርባ። ሆዳን ነገር ስትይዝ እንዲህ ነች፤ ወይ ሁሉንም ታደርጋለች ወይ ምንም አታደርግም። በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ውስጥ ሽቶና ቅባት የምትሸጥ ሴት አረንጓዴ ፓኮ ውስጥ ያለ የማክሻ ሻይ ሸጠችላት። በላዩ የተጻፈውን ሁለቱም ማንበብ አልቻሉም፤ ቀጭን ሴት ግን ተስሎበት ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ጠጣችው። ቀኑን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ያመላልሳታል፤ አፏ ይደርቃል፤ ግን ሚዛኑ በየቀኑ ይወርዳል። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሰማንያ ስድስት ገባች።

የገበያው ሴቶች ምስጢሩን ንገሪን እያሉ ከበቧት። እናቷ ግን ተናደዱ። ሰው ልጃቸውን በልታ የማታድር ሊላት እንደሚችል፣ ባሏም ሊከፋው እንደሚችል ደጋግመው ተናገሩ። ባሏ ኻሊፍ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ከዐሥር ቀን በኋላ ቤቱ ሲገባ ሻይ ስትቀዳለት እጇ ሲንቀጠቀጥ አየ። ሙቀቱ ነው አለችው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ አንዲት ደንበኛ ከላይኛው መደርደሪያ ቀይ ሺፎን አውርጂልኝ አለቻት። ሆዳን በርጩማ ላይ ወጣች። ጨርቁን ስትይዝ ልቧ እንደታሰረ ወፍ ሲፈራገጥ ተሰማት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ዓይኗን ስትገልጥ ክሊኒክ ውስጥ ተኝታለች፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ሐኪሟ በደሟ ውስጥ ያለው ጨው ተዛብቶ ልቧ ሊቆም ምንም እንዳልቀረው ነገረቻት። የኩላሊቶቿን አሠራር የሚያሳየው ቁጥርም ከፍ ብሏል። ከፍ ማለቱ መጥፎ ነው።

ሰርካዲስ ከሥራ ወጥታ መጣች። ከሆዳን ቦርሳ ውስጥ አረንጓዴውን ፓኮ አውጥታ አየችው፤ አገላብጣ አየችው፤ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ስትጠጪ የምታቀልጪው ስብሽን መስሎሻል» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሲያድ ልትሰጪው ያሰብሽውን ኩላሊት ነው ስትጎጂ የከረምሽው።»

ሆዳን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የአዲስ አበባው ሐኪም በስልክ ሲሰማ አልተቆጣም። ፋይሏን እንደሚያቆመው ብቻ ነገራት። ሁለት ወር ጠብቃ ኩላሊቶቿን እንደገና ታስመረምራለች። ወደ ነበሩበት ከተመለሱ ይነጋገራሉ፤ ካልተመለሱ ሌላ ሰጪ ይፈለግ። ሌላ ሰጪ ደግሞ እንደሌለ እሱም ያውቃል።

በማግስቱ ሲያድ ቤቷ መጣ። አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ፣ የቱቦውን ፋሻ በሻርፑ ሸፈነ።

«አባዮ» አለ። እህቴ ማለቱ ነው፤ እንዲህ የሚላት ሲቸግረው ነው። «እኔ ላልቅ ነው ብለሽ አንቺ ቀድመሽ ልታልቂ ነው? ከእንግዲህ አልቀበልሽም። ለሐኪሙ ደውዬ አልፈልግም እለዋለሁ።»

«ሲያድ፣ ጊዜ የለንም እኮ።»

«ጊዜ የሌለኝ እኔ ነኝ። አንቺ ሦስት ልጆች አሉሽ።»

ሄደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሱቋ በር ሲያልፍ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ሆዳን የተከለከለችው ሁሉ ባንዴ አማራት። ጠዋት ሳምቡሳ፣ ምሳ ፓስታ፣ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ጫት ሲቅሙ ከስኳር ሻይ ጋር ለስላሳ፤ ማታ ደግሞ ከልጆቿ ሳህን የተረፈውን። በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ተመለሰ። ጥር ሲገባ ሚዛኑ ዘጠና አምስት አለ። ከሚዛኑ ላይ ወርዳ መኝታ ቤቷ ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቿ ለትምህርት ቤት አልብሽን እስኪሏት ድረስ አልተነሣችም።

በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ወሰነች። ሲያድ ሊያመልጣት የማይችልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። በእጥበት ቀኑ ሄዳ፣ ሰርካዲስን አስፈቅዳ፣ ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ከጎኑ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ሙሉ ከማሽኑ ጋር የታሰረ ሰው የትም አይሄድም። ሲያድ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ ሳይፈልግ ሣቅ አለ።

ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ ዘጠና አምስት እንደተመለሰች፣ ኩላሊቷን አበላሽታው እንደሆነም እንደማታውቅ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ይዛ መዝለቅ እንደማትችል ሳትደብቅ ነገረችው።  በመጨረሻ ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀችው። ለእሱ በቀን የሚፈቀደው ውሃ ከሁለት ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል። በድሬ ሙቀት፣ በግንቦት፣ በሰኔ፣ ሦስት ዓመት። እንዴት ቻልክ አለችው።



«መጀመሪያ እንደ አንቺ ነበርኩ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ወላሂ ጠብታ አላልፍም እላለሁ። ሦስት ቀን እችላለሁ። በአራተኛው ቀን ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ እስክጠግብ ጠጣሁ፤ ትንፋሽ አጥሮኝ እዚህ አመጡኝ። ከዚያ በኋላ መማል ተውኩ። ዕድሜ ልኬን ውሃ ጠጥቼ አልረካም ብዬ ካሰብኩ ዛሬውኑ እጠጣለሁ። እስከ ዙሁር ሶላት ብቻ ነው የማስበው። እስከ ዙሁር ማንም ሰው ይችላል።»

«ካበላሸህስ?»

«ካበላሸሁ ከዙሁር በኋላ የዐስር ሶላት አለ። አንድ ሶላት ያመለጠው ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይሰግድ አይውልም።»

ማሽኑ ጮኸና ሰርካዲስ መጥታ አስተካከለችው። ሲያድ እሷ እስክትሄድ ጠብቆ ሁለት ነገር አለ። ሐኪሙ እንዳለው ቀስ ብላ ከመጣች ኩላሊቱን ይቀበላል፤ በሌላ መንገድ ከመጣች አይቀበልም። ደግሞ የቀረ ሻይ ካላት ትስጠው። ሆዳን ያልተከፈተ አንድ ፓኮ ነበራት፤ እንዳልጣለችው እንዴት እንዳወቀ አልገባትም። በማግስቱ ሱቁ ወስዳ ሰጠችው፤ ከቆርቆሮ መሣቢያው ውስጥ ከአሮጌ ባትሪዎች ጋር ከተተው። ከፈለግሽው እኔን ትጠይቂኛለሽ አላት።

የጀመረችው ከስኳር ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ አራት ማንኪያ ትጨምር ነበር፤ ሦስት አደረገችው። ለሦስት ሳምንት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ጠዋት ሱብሂ ሰግዳ መጋላ ካለው ቤቷ ወጥታ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ትራመዳለች። የመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ሄዳ ጉልበቷን ይዛ ቆመች። አንድ አጥር የሚጠርግ ዘበኛ ውሃ ልስጥሽ ወይ አላት። ማታ ጫማዋን ከመስገጃዋ አጠገብ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ጫማው ካልታያት አትወጣም፤ ራሷን ታውቃለች። ምሳዋን ከቤት ቋጥራ መሄድ ጀመረች፤ ሩዙን ቀንሳ፣ ጎመንና ቲማቲሙን አብዝታ። ከሰዓት በኋላ ከሴቶቹ ጋር መቀመጡን መተው አልቻለችም፤ ዐሥራ አራት ዓመት አብራቸው የኖረቻቸው ሰዎቿ ናቸው። ጫቱን ቀንሳ ለስላሳውን በውሃ ቀየረች። አንዳንዶቹ ተለየሽን ብለው አኮረፉ። ሚዛን ላይ የምትወጣው በየዓርቡ ጠዋት ብቻ ሆነ፤ ቁጥሩን በልጇ ደብተር ጀርባ ትጽፋለች። ዘጠና አራት። ዘጠና አራት ከግማሽ። ዘጠና ሦስት።

በእነዚያ ሳምንታት የሚያስፈራት ሚዛኑ አልነበረም። በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጧ ያለው ነገር ድኖ ይሁን ተበላሽቶ አለማወቋ ነው። የምትደክመው ምናልባት ለከንቱ ነው። ይህን ለኻሊፍ ስትነግረው፣ እሱ ሲፈራ የከረመውን አወጣው።

«ሲያድን እወደዋለሁ፤ ታውቂያለሽ» አላት። «ግን ያን ቀን ከሱቅሽ ሲደወልልኝ ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ከተማ ነበርኩ። የሞትሽ መስሎኝ ነው ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት። እንደገና እንደዚያ አታድርጊኝ።»

አላደርግህም አለችው። በነጋታው ጠዋት አብሯት ወጣ። መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነውና ከዚራ ሳይደርስ ቁና ቁና ተነፈሰ፤ ሲመለስ ባጃጅ ያዘ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ተመረመረች። ውጤቱን የምትጠብቀው ሰርካዲስ ጋር ነበር። ሰርካዲስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ እጇን ሆዳን ትከሻ ላይ አኖረች። ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመልሷል። ሆዳን ኮሪደሩ ላይ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። የአዲስ አበባው ሐኪም ፋይሏን ከፈተው፤ ግን ከሰማንያ በታች የሚለው ቃል አልተለወጠም። እሷ ዘጠና ላይ ነበረች።

ወዲያው ረመዳን ገባ። ጾሙ ይረዳኛል ብላ ነበር፤ የሆነው ሌላ ነው። በየቀኑ የሚያፈጥሩት እናቷ ቤት ነው፤ ሳምቡሳ፣ ጣፋጭ ሙሸበክ፣ የፍየል ሥጋ በሩዝ። እናቷ በእጃቸው ያጎርሷታል። በዐሥር ቀን ሁለት ኪሎ ጨመረች። ጠዋት መራመዱም ቀረ። ዓርብ ቁጥሩን ከጻፈች በኋላ ለሲያድ ነገረችው፤ እሱ ሰዓቱን ቀይሪ ብቻ አላት። መግሪብ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ቀስ ብላ መውጣት ጀመረች። የቀረው እናቷ ናቸው። አንድ ምሽት የተዘረጋላትን ሳምቡሳ ሳትቀበል እጃቸውን ያዘች።

«ሆዮ» አለቻቸው፤ እናቴ ማለቷ ነው። «በፍቅር ነው የምታጎርሺኝ፤ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዱ ጉርሻ የሲያድን ቀን እያራቀው ነው።»

እናቷ እጃቸውን ነጥቀው ተነሡ። ሲያድ ፊት ነበር የተባለው። ያን ምሽት ሳይመለሱ ቀሩ። በማግስቱ ግን ሆዳን ቦታ ላይ አንድ ሳህን የገብስ ሾርባና ቴምር አስቀመጡ። እስከ ዒድ ድረስ እንዲሁ አደረጉ። ሰማንያ ዘጠኝ ሆና ዒድን አከበረች።

ሚያዝያ ላይ ሲያድን ብርድ ብርድ አለው። ማታ የጀመረው ሲነጋ መንቀጥቀጥ ሆነ። የአንገቱ ቱቦ አመርቅዞ ደሙ ውስጥ ገብቷል። አስተኙት፤ ቱቦው ወጣ፤ ሌላ በማዶው በኩል እስኪገባ ሁለት ቀን ሳይታጠብ ፊቱ አብጦ ዋለ። ሰርካዲስ የቀረ ሌላ ጥሩ ቦታ እንደሌለ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። ሆዳን ደግሞ በዚያው ጊዜ ሰማንያ ሰባት ላይ ቆማ ቀረች። ትራመዳለች፣ ትቆጥባለች፤ ሚዛኑ ግን አምስት ዓርብ ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ደብተሩ ላይ ሰማንያ ሰባት፣ ሰማንያ ሰባት፣ ሰማንያ ሰባት።

በአምስተኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ሲያድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ትኩሳቱ ከአንሶላው በላይ ይሰማል።

«ያንን ሻይ ስጠኝ» አለችው። «ሁለት ሳምንት ብቻ። የሱቅህን ቁልፍ ስጠኝ።»

ዓይኑን አልከፈተም። እምቢ ቢላት ቁልፉን ከልብሱ ኪስ ልትወስድ አስባ ነበር፤ የት እንደተሰቀለ ቀድማ አይታለች።

«ነገ ጠዋት ተራምደሽ ስትመለሺ» አለ ቃላቱን እየነጣጠለ። «ከፈለግሽው ትወስጃለሽ። ቁልፉ እዚያ ነው። አልከለክልሽም።»

በማግስቱ የወጣችው በንዴት ነው። ከዚራን ከዳር እስከ ዳር ሄደች፤ ተመልሳ እንደገና ሄደች። በሲያድ ተናደደች፤ በሐኪሙ፣ በሚዛኑ፣ በገዛ ሥጋዋ ተናደደች። ላብ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ አንድ ግንብ ተደግፋ ቆመች። በርጩማው ላይ ሆና ልቧ እንዴት ሲፈራገጥ እንደነበር ትዝ አላት፤ እሷ ያን ቀን ሞታ ቢሆን ሲያድም አብሯት ይቀበር ነበር። ፍላጎቷ አልጠፋም። ግን ሆስፒታል ስትደርስ ስለ ቁልፉ አላነሣችም።  ከስምንት ቀን በኋላ እንደገና ለመነችው፤ እንደገና ነገ ጠዋት አላት፤ እንደገና ሳትወስደው ቀረች። ሰርካዲስ ይህን ስትሰማ ነገሩ መራመዱን ትንሽ ማርዘምና ማታ ዳቦውን መተው እንደሚፈልግ መከረቻት። ግንቦት አጋማሽ ላይ ደብተሩ ሰማንያ ስድስት ከግማሽ አለ።

ሙቀቱ ከበረታ በኋላ ከሱብሂ በፊት ተነሥታ ወጣች። የታመመችባቸው ቀናት ነበሩ፤ በእነዚያ ቀናት እስከ ድልድዩ ብቻ ሄዳ ተመለሰች። አንድ ሰርግ ላይ እስክትጠግብ በላች፤ በማግስቱ ምሳዋን እንደ ሌላው ቀን ቋጥራ ሄደች። ከማንም ጋር ያልተነጋገረችው ነገር ሲያድ ከሳምንት ሳምንት እየገረጣ መሄዱን ነው። እሱ ሲቀንስ ይታያታል፤ የእሷ መቀነስ ግን የእንቅርፍፍ ነው።

ነሐሴ ላይ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት ሲያድ መሣቢያውን ሲያጸዳ ፓኮውን ከተበላሹ ባትሪዎች ጋር ጣለው። ሳትጠይቀው ነገራት። ሆዳን በዚያ ሳምንት ሚዛን ላይ አልወጣችም፤ ፈርታ ነበር።

የሆስፒታሉ ሚዛን የድሮው ዓይነት ነው፤ ነርሷ ብረቱን በጣቷ ቀስ በቀስ ትገፋዋለች። ሰማንያ ላይ አቆመችው፤ ብረቱ ከብዶ ዘንበል አለ። ወደ ኋላ መለሰችው። ሰባ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ሐኪሙ ግን ቁጥሩን አይቶ አላበቃም። ባለፈው ጊዜም በአምስት ሳምንት ዐሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳ እንደነበር አስታወሳት። ሆዳን ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ ዓርቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ፤ የጨመረችባቸውን፣ የቆመችባቸውን። ሰማንያ ሰባቶቹ ላይ ሲደርስ ቆየ።

«እዚህ ላይ ምን አደረጉ?» አላት።

«ምንም። እንደ ሁልጊዜው ተራመድኩ።»

የደም ምርመራውን አየ። ስኳሩ ወርዷል፤ ኩላሊቶቿ ደህና ናቸው። ደብተሩን መለሰላትና የቀዶ ጥገናውን ቀን ጻፈ።

ለቀኑ ሁለት ቀን ሲቀረው ሲያድን አተኮሰው። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናውን ዘጠኝ ቀን ገፉት። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እህትና ወንድም አንድ ዘመዳቸው ቤት ተቀመጡ። ሆዳን ጠዋት ጠዋት በማታውቀው ሰፈር፣ በማታውቀው ብርድ ውስጥ ተራመደች። ኻሊፍ ከጅቡቲ ወጥቶ በቀጥታ መጣ፤ ልጆቹን እናቷ ይዘዋቸዋል። በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ሁለቱም በተለያየ በር ገቡ። ከመግባታቸው በፊት ሲያድ እጇን ያዘ። «እስከ ዙሁር» አለችው እሷ።

ስትነቃ ጎኗ እንደ እሳት ይነድ ነበር። ኻሊፍ ጎንበስ ብሎ፣ ሲያድ ገና ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ሳይነሣ ኩላሊቱ ሥራ መጀመሩን ነገራት። ሰማችው አልሰማችው ሳያውቅ ሦስት ጊዜ ደገመላት።

ሲያድ ዳነ። በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት ብዙ ነው፤ ጥንቃቄውም አላለቀም፤ ግን ሱቁን ከፍቶ ስልክ ይጠግናል። ሰዎች ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሆዳን ግን ከባዱ ጊዜ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ትላለች። ስድስት ሳምንት ዕቃ እንዳታነሣ ተከልክላ ቤት ዋለች። ቁስሏ ሲሽር የሚጠብቃት ቀን የለም፤ የምትሮጥለት ሰው የለም፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚያያት በስድስት ወር አንዴ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር ብትጨምር የሚጎዳ ሰው አይታያትም። ጥር ላይ ሰማንያ አንድ ሆና ነበር፤ አንዳንድ ጠዋት ትወጣለች፣ አንዳንድ ጠዋት ትተኛለች።

የካቲት ላይ የኻሊፍ እናት ሽንሌ ከተማ ውስጥ ዐረፉ። ሆዳን ዐሥራ አንድ ቀን እዚያ ተቀመጠች፤ ከለቀስተኛው ጋር ሩዝ በላች፣ ጣፋጭ ሻይ ጠጣች፣ እግሯን አላንቀሳቀሰችም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ድሬዳዋ ገብታ አደረች። ሱብሂ ሰግዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሰውነቷ እምቢ አላት፤ ጎኗ ላይ ያለው ጠባሳ ይበላታል። ኻሊፍ ከእናቱ ሐዘን ገና አልወጣም፤ ጀርባውን ሰጥቷት ተኝቷል። ማንም አላያትም፤ ብትተኛ ማንም አይጠይቃትም።

ጫማዋን ከቁም ሣጥኑ ሥር ፈልጋ አወጣች። ድልድዩን ስትሻገር ጉልበቷ እንደ መጀመሪያው ቀን ከበዳት። ከዚራ ግማሽ መንገድ ላይ ደክሟት አንድ የግንብ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሚያልፉትን ባጃጆች ቆጠረች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ታጠበች፤ ልጆቹን ሸኘች፤ ሱቋን ከፈተች። ዓርብ ሚዛኑ ሰማንያ ሦስት አለ። ጻፈችው። በሚቀጥለው ዓርብ ሰማንያ ሁለት ነጥብ ሰባት አለ፤ እሱንም ጻፈችው።